ቀዩ ጠፍቶ ሰማያዊው እንዴት ይበራል?

ገባኝ! እናንተ ልጆች፣ ገባኝ! ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ቀይ፣ ሲሞላ ሰማያዊ የምትበራው ያቺ ሚጢጢ መብራት ባትሪው መሙላቱን በምን እንደምታውቅ ገባኝ። ሰዓት ቆጥራ አይደለም። ባትሪው ውስጥ ገብታ አይታም አይደለም። የምታውቅበት መንገድ በጣም ቀላል፣ ግን በጣም ብልህ ስለሆነ ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም። ጠጋ በሉና ከሥሩ ልንገራችሁ። ስለ ኤሌክትሮኒክስ ምንም ማወቅ አያስፈልግም፤ ውሃ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ነገሩን ያስጀመረኝ ሬዲዮ ነው። እዚህ አርብ ገበያም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የታች ጋይንት ቀበሌዎች ባለ ሦስት ድንጋዩን ሬዲዮ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድንጋዩ ሲደክም ድምፁ ይቀጥናል። ያኔ ይወጣና ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ ደግሞ ይደክማል፤ በመጨረሻ ተጥሎ የገበያ ቀን ሲደርስ ሌላ ይገዛል። ፀሐይ ላይ የተሰጣው ድንጋይ የሚነሳው ኤሌክትሪክ ስለገባበት አይደለም፤ ሙቀቱ ውስጡ የቀረውን ቅመም ለጊዜው ስላነቃቃው ነው። እኔ ግን ያችው ፀሐይ የምር እንድትሞላው ፈለግሁ። ስለዚህ ከሶላር ፓነል ሌላ ሬዲዮው ውስጥ ሦስት ነገር መግባት አለበት፦ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ፣ ቻርጅ የሚያደርግ ቦርድ፣ ባትሪው ያለበትን ሁኔታ የሚነግር መብራት።

ከባትሪው እንጀምር፤ የመጀመሪያው ጉድ እዚህ ነው። አንድ አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት አለው። ሦስቱ ሲደረደሩ 4.5 ይሆናሉ። እያንዳንዱ ሲያልቅ ወደ 1 ቮልት ገደማ ይወርዳል፤ ሦስቱ አንድ ላይ 3 ቮልት ማለት ነው። ሬዲዮው እንግዲህ ከ4.5 እስከ 3 ቮልት ባለው መካከል እንዲሠራ ሆኖ ነው የተሠራው። አሁን ደግሞ አንድ የሊቲየም ባትሪ እዩ፤ በስልካችሁ ውስጥ ያለው ዓይነት። ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ባዶ የሚባለው ወደ 3 ቮልት ሲጠጋ ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው እስቲ! አንዱ ሊቲየም በሦስቱ ድንጋይ ቦታ ልክ ይገባል። የሬዲዮው አንዲት ሽቦ እንኳ መቀየር ሳያስፈልግ! ይህን ሳይ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

ለዚህ የሚመቸው ክብ፣ ረዘም ያለ ባትሪ ነው፤ «18650» ይባላል። ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚናገረው፦ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር፣ የመጨረሻዋ 0 ክብ መሆኑን። የድሮ ላፕቶፕ ባትሪ ሲፈታ ብዙ ጊዜ እነዚህ ተደርድረው ይገኛሉ። ላፕቶፑ «ባትሪዬ ሞቷል» ሲል ብዙውን ጊዜ የሞቱት አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው፤ ሌሎቹ ገና ጉልበት አላቸው። ሶኒ በ1991 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የሊቲየም አዮን ባትሪን ለገበያ ካወጣ ወዲህ ዓለም ሁሉ ተሸክሞት ይዞራል። በዚያው አቆጣጠር በ2019 ደግሞ ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በዚህ ሥራ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ጉዲናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር!

ሊቲየም ግን እንደ ድንጋይ ታጋሽ አይደለም። ከ4.2 ቮልት በላይ ሲጫን ይሞቃል፣ ያብጣል፣ እሳት እስከ መሆን ይደርሳል። ከልኩ በታች ሲደርቅ ደግሞ ውስጡ ይጎዳል። ስለዚህ ያለ ጠባቂ አይቀመጥም። ጠባቂው በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቤት የሚሸጥ፣ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ቦርድ ነው። መሀሉ ላይ ስምንት እግር ያለው ጥቁር ቺፕ ተቀምጧል፤ ስሙ ቲፒ4056 ነው። ምስጢሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

አሁን የውሃውን ነገር አምጡ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሮቶ አለ እንበል። ከሮቶው ሥር ጎማ ወጥቶ ባዶ ጀሪካን ውስጥ በታች በኩል ይገባል። ሮቶው ውስጥ ያለው ውሃ ሁልጊዜ አንድ መስመር ላይ እንዲቆም ተደርጓል። ውሃው የቆመበት ከፍታ ቮልት ነው። በጎማው ውስጥ የሚሄደው የውሃ ብዛት አምፔር ነው። ጀሪካኑ የሚይዘው መጠን ደግሞ ባትሪው ላይ «2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት» ተብሎ የሚጻፈው ነው። ሦስቱን ከያዛችሁ ሌላ የሚጠና ነገር የለም።

ጎማውን እንክፈት። ጀሪካኑ ባዶ ስለሆነ የሁለቱ ከፍታ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ውሃው ዝም ቢባል እየጋለበ ይገባል። ቺፑ ግን ጎማውን ጨብጦ ይይዝና «ከዚህ መጠን በላይ አትለፍ» ይለዋል። ይህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ እኩል በሆነ ፍጥነት መሙላት። የጀሪካኑ ውሃ ከፍ፣ ከፍ እያለ መጥቶ የሮቶውን መስመር ሲቃረብ ምን ይሆናል? ማንም ሳይነካው ፍሰቱ ይቀንሳል! ልዩነቱ ስለጠበበ የሚገፋው ኃይል አነሰ። መጀመሪያ ይጎርፋል፣ ቀጥሎ ቀስ ይላል፣ በመጨረሻ ይንጠባጠባል።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ እኔም የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ጀሪካኑን ማየት ተከልክላችሁ ጎማውን ብቻ በእጃችሁ ብትይዙ፣ ጀሪካኑ መሙላቱን ማወቅ ትችላላችሁ? እንዴታ! ጎማው ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ወደ ጠብታ ሲወርድ ሞልቷል። ቺፑ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሮቶው መስመር 4.2 ቮልት ነው። ጎማው ውስጥ የሚያልፈውን ይለካል። ፍሰቱ መጀመሪያ ከተፈቀደው አንድ አሥረኛ ላይ ሲደርስ «በቃ፣ ጠግቧል» ብሎ ይዘጋል፤ ቀዩን አጥፍቶ ሰማያዊውን ያበራል። መብራቷ የባትሪውን ጥም ነው የምትለካው! ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስልኬ ቻርጅ ሲደረግ ዝም ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ቺፑ ሌላም ብልሃት አለው። ባትሪው በጣም ደርቆ ከ2.9 ቮልት በታች ከወረደ ወዲያው አይለቅበትም፤ በአንድ አሥረኛው ፍሰት እያንጠባጠበ ያነሳዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሙሉውን የሚለቀው። ሞልቶ ከተዘጋም በኋላ ጥሎት አይሄድም፤ ባትሪው ወደ 4.05 ቮልት ሲወርድ ራሱ ደግሞ ይከፍታል።

መብራቶቹ እንዴት እንደሚበሩ ደግሞ ስሙ። ቺፑ ለመብራቶቹ ኤሌክትሪክ የሚልክ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሁለቱም መብራቶች ከፖዘቲቩ ጋር ሁልጊዜ እንደተገናኙ ናቸው። የጎደላቸው መውጫ፣ ማለትም ወደ ኔጌቲቩ የሚወስደው መንገድ ብቻ ነው። ቺፑ 7ኛ እግሩን ሲከፍት ቀዩ መውጫ አግኝቶ ይበራል፤ 6ኛ እግሩን ሲከፍት ሰማያዊው። በአንዳንድ ቦርድ በሰማያዊው ፈንታ አረንጓዴ ይደረጋል። ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል? መብራቶቹ ሬዲዮው ውስጥ ተደብቀው እንዳይቀሩ ከቦርዱ ላይ ነቅላችሁ ሽቦ አስረዝማችሁ በሬዲዮው ፊት ላይ ማውጣት ትችላላችሁ። ወይም እግሮቹን ከትንሽ ኮምፒውተር፣ ለምሳሌ ከአርዱዊኖ ጋር አገናኝታችሁ «አሁን እየሞላ ነው፣ አሁን ሞላ» እያለ እንዲመዘግብ ማድረግ ይቻላል።

የመብራቶቹ ቋንቋ አራት ነገር ብቻ ነው። ቀይ ብቻ ከሆነ እየሞላ ነው። ሰማያዊ ብቻ ከሆነ ሞልቷል። ሁለቱም ከጠፉ ከፓነሉ ወይም ከቻርጀሩ የሚመጣ ነገር የለም፤ ገመዱን ፈትሹ። ሰማያዊው በርቶ ቀዩ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ባትሪ የለም ወይም የባትሪው ማቀፊያ አልነካውም ማለት ነው። በቃ! ከዚህ በኋላ ሬዲዮው ምን እንደሆነ ማንንም አትጠይቁም።

አሁን አጉልቶ የሚያሳይ መስታወት አምጡ። ከቺፑ አጠገብ ካሉት ሚጢጢ ጥቁር ነገሮች አንዷ ላይ «122» ተጽፏል፤ ሬዚስተር ትባላለች። አነባበቡ እንዲህ ነው፦ 12 ጻፉና ሁለት ዜሮ ጨምሩበት፤ 1200 ኦም፣ ማለትም 1.2 ኪሎ ኦም ነው። ቺፑ ጎማውን ምን ያህል ጨብጦ እንደሚይዝ የምትነግረው ይህችው ናት። ስሌቱም የልጅ ነው፦ 1200ን በሬዚስተሯ ኪሎ ኦም ማካፈል። ለ1.2 ኪሎ ኦም 1000 ሚሊ አምፔር ይመጣል። ለ10 ኪሎ ኦም 120 አካባቢ። አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር መላውን ፍሰት ታዛለች፤ አቤት!

እኔ የያዝኩት ፓነል ትንሽ ነው፤ 6 ቮልት፣ 1.5 ዋት። ጠራራ ፀሐይ ላይ እንኳ 250 ሚሊ አምፔር ቢሰጥ ነው። ቦርዱ 1000 ሲጠይቀው አቅም ስለሌለው ቮልቱ ይወርድበታል፤ ምልክቱም ይዛባል። ስለዚህ «122»ን አንስቼ «472» የሚል ተካሁበት፤ 4.7 ኪሎ ኦም ማለት ነው። 1200 ለ4.7 ሲካፈል 255 ይመጣል። ፓነሉና ቦርዱ ተስማሙ! ሌላም ጥቅም አለው። ይህ ቺፕ የተረፈውን ቮልት በሙቀት ነው የሚያባክነው። ከ5 ቮልት ወደ 3.7 ሲያወርድ 1.3 ቮልት ይተርፈዋል፤ በ1000 ሚሊ አምፔር 1.3 ዋት ሙቀት ነው፣ ጣት ያቃጥላል። በ255 ግን የአንድ ዋት ሲሶ ብቻ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የጉና ደመና ወርዶ ሲጋርደን ፓነሉ ይህንንም ላይሰጥ ይችላል፤ ያኔ መሙላቱ ይዘገያል እንጂ ባትሪው አይጎዳም።

ሬዲዮው ተከፍቶ ቻርጅ ሲደረግ ሰማያዊው ጨርሶ እምቢ ይላል፤ ይህ ደግሞ ለብቻው ያስደንቃል። ለምን? ጎማውን አስታውሱ። ጀሪካኑ ከታች ቧንቧ ተከፍቶበት ውሃ እየፈሰሰ ቢሆንስ? ጎማው ውስጥ የሚያልፈው መቼም ወደ ጠብታ አይወርድም። ቺፑ የሚለየው የሚያልፈውን ብቻ ነው፤ ጀሪካኑ ይጠጣው፣ ሬዲዮው ይጠጣው አያውቅም። ከ255 አንድ አሥረኛው 25 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው፤ ድምፁ ከፍ ያለ ሬዲዮ ብቻውን ከዚያ በላይ ይጠጣል። ስለዚህ ቺፑ «ገና አልጠገበም» እያለ ይቀጥላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሬዲዮውን ዘግቶ መሙላት። ያልታገሰ ሰው ደግሞ ሞስፌት የሚባል ባለ ሦስት እግር ዕቃና አንድ ዳዮድ ይጨምርበታል። 5 ቮልት ከስልክ ቻርጀር ሲመጣ ሞስፌቱ ከባትሪው ወደ ሬዲዮው የሚሄደውን መንገድ ይዘጋል፤ ሬዲዮው በዳዮዱ በኩል ከቻርጀሩ ይጠጣል፣ ባትሪው ለብቻው ይሞላል።

እስካሁን መሙላቱን አወቅን። ምን ያህል እንደቀረስ? ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ከፍታው ነው፣ ቮልቱ። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ጀሪካን አንገቱና ታቹ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ከ4.2 ወደ 3.9 ቶሎ ይወርዳል። ከዚያ 3.9 እና 3.6 መካከል ባለው ሰፊ ሆድ ላይ ለረጅም ሰዓት ይቆያል። 3.5 ካለፈ በኋላ ደግሞ ቁልቁል ይንደረደራል። ስልካችሁ በመጨረሻው ላይ በድንገት የሚሞት የሚመስለው ለዚህ ነው! አራት መብራት ያላት የደረጃ ማሳያ ቦርድ የምትሠራውም በዚህ ነው፤ ለእያንዳንዱ መብራት ጀሪካኑ ላይ አንድ መስመር ተሰምሯል፣ ውሃው ከመስመሩ በላይ ከሆነ መብራቱ ይበራል። ቁልፍ አድርጉላት፤ ስትጫኑ ብቻ ትብራ፣ አለበለዚያ ራሷ ባትሪውን ትጨርሰዋለች። ቮልት የሚለካ መልቲሜትር ያለው ሰው ሬዲዮውን ዘግቶ ጥቂት ቆይቶ ይለካ፤ ሬዲዮው እየዘፈነ ከለካው ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል።

ቦርዱን ስትገዙ ስድስት ማሰሪያ ያለውን ምረጡ፤ ለባትሪው ሁለት፣ ለሬዲዮው ሁለት፣ ለመግቢያው ሁለት። እሱ ላይ ዲደብልዩ01 የሚባል ሌላ ጠባቂ አለ፤ ባትሪው ወደ 2.4 ቮልት ሲወርድ መንገዱን ይቆርጣል። አራት ማሰሪያ ያለው ግን ይህ ጠባቂ የለውም። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አታገለባብጡ፤ ቺፑ ወዲያው ይቃጠላል። የባትሪውን ጫፍ በሊድ መበየጃ አታሙቁ፤ ማቀፊያ ተጠቀሙ። የተቀጠቀጠ፣ ያበጠ ወይም ከ2 ቮልት በታች የወረደ ባትሪ ካገኛችሁ ሊነሳ ቢችልም እንኳ ተዉት።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነገር የሬዲዮ ብቻ አለመሆኑ ነው። በእኛው ክልል፣ በሰሜን ሸዋ፣ ረማ በምትባል መንደር በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ቤት ለቤት ሶላር ዘርግቶ፣ የሶላር ቴክኒሽያኖች ማሠልጠኛም ከፍቶ ነበር። የቤት ሶላር ሲገጠም በፓነሉና በባትሪው መካከል ኮንትሮለር የሚባል ሳጥን ይገባል። ባለ 12 ቮልቱን ትልቅ ባትሪ ወደ 14.4 ቮልት ሲደርስ የሚገታ፣ ወደ 11 ቮልት ሲጠጋ አምፖሉን የሚያጠፋ እሱ ነው። ቁጥሩ ተለወጠ እንጂ ሮቶው፣ ጎማውና ጀሪካኑ ያው ናቸው! መንግሥት በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ከሲሶ የሚበልጠውን፣ 35 በመቶውን ሕዝብ ከዋናው መስመር ውጭ በሆነ መንገድ ለማዳረስ አቅዶ ነበር። በየቤቱ ሶላር በገባ ቁጥር ይህችን መብራት የሚያነብ ሰው በየሰፈሩ ያስፈልጋል። እኛስ ለምን አንሆንም?

የመጨረሻውን ልንገራችሁ፤ ከሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ሰማያዊው በርቷል ማለት ብዙ ይዟል ማለት አይደለም። ባትሪ ሲያረጅ ጀሪካኑ ይጠባል፤ ትንሽ ጀሪካን ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ከባዶ ተነስቶ ቶሎ ሰማያዊ ያበራ ባትሪ ጎበዝ ሳይሆን ያረጀ ነው! ይህን ካወቃችሁ ቦርዷ መመዘኛ ትሆንላችኋለች። ባዶ የሆነ ባትሪ በ«472»ቱ ቦርድ ላይ አድርጉና፣ ፀሐይ ስለምትለዋወጥ ከስልክ ቻርጀር ጋር አገናኙት። ቀዩ የቆየበትን ሰዓት በ255 አባዙት። 8 ሰዓት ከቆየ ወደ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ደህና ነው። 2 ሰዓት ብቻ ከቆየ ግን የቀረው 500 አካባቢ ነው። መጨረሻ ላይ ፍሰቱ ስለሚቀንስ ቁጥሩ ከእውነቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ባትሪ ከባትሪ ለማወዳደር ግን ይበቃል።

እንግዲህ አርብ ገበያ ላይ ያገለገለ ባትሪ ስትገዙ «ሞልቷል» ሲሏችሁ አትመኑ፤ ወስዳችሁ ባዶ አድርጉት፣ ሙሉት፣ ሰዓቱን ያዙ። ያገኛችሁትን ቁጥር በማይለቅ እስክርቢቶ ባትሪው ላይ ጻፉበት፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግማችሁ ለኩና ከጎኑ ጻፉ። ከዚያ ኑና ቁጥሮቻችንን እናወዳድር፤ የማን ባትሪ ምን ያህል እንደጠበበ ለማየት ቸኩያለሁ!